የላይኛው ቤት ውሃ

ግፊት ያለበት ቧንቧ ከተሰነጠቀ ሌት ተቀን ያንጠባጥባል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ስንጥቁም አብሮ ያርፋል፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ፍሳሽ መፈለግን የሚያከብደው ይኸው ነው። የእኛ ኮርኒስ ግን እድፍ ቢወጣበትም ውሃ በመጣበት ቀንም ደርቆ ይውላል፤ ስለዚህ የጠረጠርኩት ግፊት ያለበትን ቧንቧ ሳይሆን የላይኛውን ቤት ፍሳሽ ነው። እድፉ መብራቱ አጠገብ ስለሆነ መጀመሪያ ቆጣሪውን አጠፋሁ። ደግሞ እድፉ ያለበት ቦታ ምንጩ ነው ማለት አይደለም፤ ውሃ በሶሌታው ስንጥቅ ርቆ ይሄዳል።

የላይኛው ቤት ጎረቤታችንን «እትዬ፣ እስቲ ወለሉን ሳያስነኩ አንድ ባልዲ በቀጥታ ወደ ፍሳሹ ቀዳዳ ያፍስሱልኝ» አልኳቸው። ምንም የለም። ቀጥሎ ሴራሚኩ ላይ ሲያፈሱ፣ ቆየት ብሎ ጠብ አለ። ለካ በቀዳዳው ዙሪያ የነበረው ሲሚንቶ ተፈርፍሯል።

«ልጄ፣ ወለሉ በሙሉ ሊፈርስ ነው?» አሉኝ ተጨንቀው።

«የለም እትዬ፣ በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ብቻ ነው የሚነሳው። ወጪውንም እንካፈላለን።»