ጫማ የሚወለቅበት ነጭ ኮረብታ

ጠባቂው ፊሽካውን ሲነፋ ደነገጥኩ። ጣቱን ወደ እግሬ ቀስሮ በቱርክኛ አንድ ነገር ተናገረ። ነገሩ የገባኝ ሌሎቹ ጎብኚዎች ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ሳይ ነው። የፓሙካሌ ነጭ ድንጋይ በጫማ አይረገጥም። እኔም ስኒከሬን አውልቄ በፌስታል ያዝኩና ዳገቱን በባዶ እግሬ ጀመርኩት።

ያኔ በቱርክ የወደብ ከተማ ኢዝሚር የማስተርስ ተማሪ ነበርኩ። በሚያዝያ ወር አንድ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ አውቶብስ ተሳፈርኩ። እስከ ዴኒዝሊ ከተማ አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። በቱርክ አገር አቋራጭ አውቶብስ ውስጥ ረዳቱ ሻይና ኬክ ያድላል፤ ለእጅ ማበሻ ደግሞ ሎሚ ሎሚ የሚሸት ኮሎኝ ያፈሳል። ከዴኒዝሊ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በሚኒባስ ሄጄ ፓሙካሌ ደረስኩ።

ስሙ በቱርክኛ «የጥጥ ግንብ» ማለት ነው። ከሩቅ ሲታይ በእርግጥም የተባዘተ ጥጥ የተከመረበት ይመስላል። 200 ሜትር ከሚጠጋው ገደል አናት የሚፈልቀው ሙቅ ውሃ ካልሲየም የበዛበት ነው። ውሃው አየር ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይተናል፤ የቀረው ማዕድን መጀመሪያ እንደ አጥሚት ለስለስ ብሎ ይረጋል፤ ቆይቶ ይደርቅና ነጭ ድንጋይ ይሆናል። ደረጃ በደረጃ የተደረደሩት ገንዳዎች የተሠሩት በዚህ መንገድ ነው።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። በየፖስት ካርዱ ያየኋቸው ገንዳዎች በሰማያዊ ውሃ የተሞሉ ናቸው። እኔ ስደርስ ግን ብዙዎቹ ደረቅ ነበሩ። የማርኬቲንግ ተማሪ ሆኜ በማስታወቂያ መሸወዴ አበሳጨኝ። ኋላ ግን ምክንያቱን ተረዳሁ። ቀደም ባሉት ዓመታት ከገንዳዎቹ በላይ ሆቴሎች ተሠርተው ውሃውን ይጠቀሙበት ነበር፤ በነጩ ድንጋይ ላይም የመኪና መንገድ ወጥቶበት ነበር። ቦታው በ1988 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ ሆቴሎቹ ፈረሱ። ዛሬ ውሃው ለገንዳዎቹ በተራ ይለቀቃል። አንዱ ሲሞላ ሌላው ደርቆ ይነጣል። ደረቅ ብዬ የተናደድኩበት ገንዳ ተራውን የሚጠብቅ ነበር።

በመንገዱ ዳር በሚወርደው ቦይ እግሬን ነክሬ ተቀመጥኩ። ውሃው 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ለብ ያለ የእግር መታጠቢያ ማለት ነው። አጠገቤ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት አሮጊት እናቷን ደግፋ ወደ ቦዩ ታወርዳለች። «ያቫሽ፣ ያቫሽ» ትላቸዋለች፤ ቀስ፣ ቀስ። እናትየው ሱሪያቸውን ሰብስበው ጉልበታቸውን በእጃቸው ውሃ ያጠጡ ጀመር። ቀና ብለው ሲያዩኝ «ክዝም» ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

እዚያው ሆኜ እማዬ ትዝ አለችኝ። ጉልበቷን ያማታል። ወደ ቱርክ ከመብረሬ በፊት በነበረው ሳምንት «እስቲ ፍልውኃ አድርሺኝ» ብላኝ ነበር። የቪዛ ወረቀት አሯሩጦኝ «ሌላ ጊዜ» አልኳት። አዲስ አበባ ራሷ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውኃው ወርደው የቆረቆሯት ከተማ ናት፤ እኔ ግን እዚያው ተወልጄ አድጌ እናቴን አንድ ቀን አልወሰድኳትም።

በቫይበር ደወልኩላት፤ ስልኩንም ወደ እግሬ አዞርኩት።

«ምነው ልጄ! በረዶ ላይ በባዶ እግርሽ? ብርድ ሊገድልሽ ነው!» ብላ ጮኸች።

ሙቅ ውሃ መሆኑን ስነግራት ሳቀች። «አንቺስ ፍልውኃ ትሄጃለሽ?» አልኳት። «አብራኝ የምትሄደው ጎረቤታችን ሰፈር ከቀየረች ወዲህ ትቼዋለሁ። ብቻዬን ደረጃው ያስፈራኛል» አለችኝ። ምን እንደምመልስላት ጠፋኝ።

ከገንዳዎቹ በላይ የጥንቷ ሂራፖሊስ ፍርስራሽ አለ። በሮማውያን ዘመን ሕመምተኞች ፈውስ ፍለጋ ይጎርፉባት ነበር። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ከ1,000 በላይ መቃብሮች ይታያሉ። ውሃው ሁሉንም አላዳነም። ከመቃብሮቹ መሃል ቆሜ ሳስበው «ሌላ ጊዜ» ያልኩት ነገር ከበደኝ።

ትምህርቴን ጨርሼ በተመለስኩ በሁለተኛው ሳምንት እማዬን ይዤ ፍልውኃ ሄድኩ። ወረፋው ረጅም ነበር። ስንወጣ ነጠላዋን ለእኔ ደርባ «ንፋስ እንዳይመታሽ» አለችኝ። ጉልበቷ አልዳነም፤ ለሁለት ለሦስት ቀን ቀለል ይላታል። አሁን ግን ቅዳሜ ሲሆን ቀድማ የምትደውለው እሷ ናት፤ «ፎጣሽን ይዘሻል?» እያለች።

ወደ ፓሙካሌ ለመሄድ ካሰባችሁ ጠዋት ድረሱ፤ እኩለ ቀን ላይ ነጩ ድንጋይ ዓይን ያጭበረብራልና የፀሐይ መነጽር ያስፈልጋችኋል። ለጫማችሁ ቦርሳ፣ ለእግራችሁ ፎጣ ያዙ። የጥንት የእብነ በረድ ዓምዶች በወደቁበት ገንዳ ለመዋኘት ለብቻው ይከፈላል። እናታችሁ አብራችሁ ካለች ደግሞ በታችኛው በር አትግቡ። በላይኛው በር አስገቧት፤ ዳገቱ ለጉልበት ከባድ ነው።