ጋዜጠኛን ማን ያስተምረዋል?

ጋዜጠኛነት በትምህርት ቤት የሚገኝ ዕውቀት ነውን? ወይስ ከቀደሙት ሰዎች እግር ሥር ተቀምጦ የሚለመድ ሙያ ነው? ይህ ጥያቄ በልቤ ያደረው ገና በወጣትነቴ በጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ተቀጥሬ በምሠራበት ጊዜ ነው።

አንድ ቀን የአንድ ሽማግሌ ዜና ዕረፍት እንድጽፍ ታዘዝሁ። እኔም ወደ ልቅሶው ቤት መሄዱን እንደ ትርፍ ድካም ቈጥሬ፣ አንድ የሥራ ባልደረባቸው በስልክ የነገረኝን ብቻ ይዤ፣ «ልጅ ሳይተኩ ዐረፉ» ብዬ ጻፍሁ። ፊደሉ ተለቀመ፤ ታተመም። በማግሥቱ ጥቁር የለበሱ አንዲት ወይዘሮ ጋዜጣውን አጥፈው ይዘው መጡና፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «እኔ ታዲያ የማን ልጅ ነኝ?» ሲሉ ጠየቁኝ። የምመልሰው አጣሁ። ሸኝቻቸው ስመለስ አዛውንቱ አዘጋጃችን «አንተ ልጅ፣ ከቤታቸው ደርሰህ ነበር?» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተናገሩኝም። ማረሚያው በሦስት መስመር ወጣ፤ ነገር ግን ስሕተቱን ያነበበ ኹሉ ማረሚያውን አያነብም።

ከብዙ ዘመን በኋላ በአሜሪካ አገር ስላለው ስለ ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኛነት ትምህርት ቤት ታሪክ ሳነብ እኒያ ወይዘሮ ትዝ አሉኝ። ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በ1908 እ.ኤ.አ. ሲኾን፣ ተማሪዎቹ የሚያዘጋጁት ጋዜጣ የመጀመሪያ እትሙ የወጣው ትምህርቱ በተጀመረበት በዚያው ዕለት ነበር። መሥራቹና የመጀመሪያው ዲን ዋልተር ዊልያምስ ከልጅነቱ አንሥቶ በማተሚያ ቤት ያደገ እንጂ ራሱ በዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው አልነበረም፤ ኾኖም በ1931 እ.ኤ.አ. የዚያው ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ለመኾን በቃ። (በኒው ዮርክ የሚገኘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ግን የጆሴፍ ፑሊትዘርን ሐሳብ በመጀመሪያ አልቀበልም ብሎ፣ ትምህርት ቤቱን የከፈተው ሰውየው ከሞተ በኋላ በ1912 እ.ኤ.አ. ነው።)

በሚዙሪ ልቤን የማረከው ሕንጻው ወይም ዲግሪው አይደለም። መምህራኑ የጋዜጣው አዘጋጆች ናቸው፤ ተማሪው የሚጽፈውም ለመምህሩ ብቻ ሳይኾን ለከተማው ሕዝብ ነው። ስለዚህ ያጠፋው ጥፋት ከነጥብ መቀነስ ጋራ አያበቃም፤ ስሙ የተዛባበት ሰው ጋዜጣውን ይዞ ከደጁ ሊቆም ይችላል። እኔ በሰው ኀዘን ላይ የተማርሁትን እነርሱ አስቀድመው ከትምህርቱ ውስጥ አግብተውታል።

በእኛም አገር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2004 እ.ኤ.አ. የጋዜጠኛነትን ትምህርት በድኅረ ምረቃ ደረጃ ማስተማር በጀመረ ጊዜ ደስ አለኝ፤ ጥቂትም ሠጋሁ። የንድፈ ሐሳቡ መጽሐፍ ወጣቱን ከመንገድ ያስቀረዋል ብዬ ነበር።

ከዚያ የወጣ አንድ ወጣት ጽሑፉን እንዳይለት ይዞልኝ መጣ። የሰዎቹን ስም ከየት እንዳገኘው ስጠይቀው የማስታወሻ ደብተሩን ገልጦ ከነቤት ቍጥራቸው አሳየኝ። ቀናሁበት።