መኪና የማይገባባት ደሴት



በአሜሪካ የምንኖር ብዙ ቤተሰቦች ከልጆቻችን ጋር የምናወራው መኪና ውስጥ ነው፤ እኛ ዓይናችንን መንገዱ ላይ፣ እነርሱ ስልካቸው ላይ አድርገን። ስለዚህ መኪና በማይደርስበት ስፍራ ድንኳን ተክሎ ማደር ምን እንደሚመስል ላካፍላችሁ ወደድኩ።

ኤንጀል ደሴት በሳንፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ የምትገኝ የካሊፎርኒያ ግዛት መናፈሻ ናት። ስፋቷ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የጎብኚ መኪና አይገባባትም። ከቲቡሮን ከተማ በጀልባ ተሻግረን ከወረድን በኋላ ድንኳኑን፣ ብርድ ልብሱንና ስንቁን ተሸክመን ዳገቱን ተያያዝነው። የስድስት ዓመቷ ልጃችን የሶላት ምንጣፎቹን «የእኔ ድርሻ ነው» ብላ ስለያዘች፣ ሁላችንም በእርሷ እርምጃ ልክ ሄድን።

በማደሪያው የቧንቧ ውሃ ስላለ ለውዱእ አልተቸገርንም። ዐስር ሲደርስ ታላቅ ወንድሟ በኮምፓስ ቂብላን ፈለገ። ምድር ክብ በመሆኗ ከዚያ ወደ መካ አጭሩ አቅጣጫ ከሰሜን ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው። በአዲስ አበባም ወደ ሰሜን እንደምንሰግድ ስነግረው በጣም ተደነቀ።

እንጨት ማንደድ ክልክል ነው፤ በተዘጋጀው ምድጃ ከሰል ማቀጣጠል ግን ስለሚፈቀድ እናታቸው ጀበናዋን ጣደች። ራኩን የሚባሉት አውሬዎች ሌሊት ምግብ ፍለጋ ስለሚዞሩ ስንቃችንን በሣጥኑ ዘጋንበት።

በማግስቱ ከፈጅር በኋላ በደሴቷ ሰሜን ምሥራቅ ወደሚገኘው የቀድሞ የስደተኞች መቀበያ ጣቢያ ወረድን። ጣቢያው ከ1910 እስከ 1940 እ.ኤ.አ. ሠርቷል። በ1882 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ቻይናውያን ሠራተኞች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ ይከለክል ስለነበር፣ የዜጋ ልጅ ነኝ የሚል ሁሉ በጥብቅ ይመረመር ነበር። የቤታችሁ ደረጃ ስንት ነው? ጎረቤታችሁ ማነው? መልሱ ከዘመዱ ቃል ጋር ካልገጠመ ወደመጣበት ሊመለስ ይችላል። ለወራት የታገቱት ሐዘናቸውን በእንጨቱ ግድግዳ ላይ በግጥም ቀርጸውታል። ሕንጻው ሊፈርስ ሲል በ1970 እ.ኤ.አ. አንድ የመናፈሻው ጠባቂ ጽሑፉን አስተውሎ ሰዎችን በመቀስቀሱ ተረፈ፤ ዛሬ ሙዚየም ነው።

ልጄ ግድግዳውን ሲያይ ቆየና «አባዬ፣ አንተንስ ስትመጣ ምን ጠየቁህ?» አለኝ። በአሥራ አራት ዓመቱ እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። ናይሮቢ ሳለሁ የወንድሞቼን ስም ከነዕድሜያቸው በተርታ እንዳስጠሩኝ፣ በሁለተኛው ቀጠሮም ያንኑ እንደደገሙብኝ ነገርኩት። «እስቲ ለእኔም ጥራልኝ» አለኝ። ጠራሁለት። በልጅነቱ የሞተብኝን የታናሽ ወንድሜን ስም የሰማው ያን ቀን ነው። ወደ ወደቡ እስክንደርስ ድረስም ስለ እርሱ ጠየቀኝ።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ማደሪያው ጥቂት ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ያዙ። የጀልባው ሰዓት እንደ ወቅቱ ስለሚለያይ የመመለሻውን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ነፋሱ በበጋም ቢሆን ብርቱ ነውና ሙቅ ልብስ አይቅር። ሸክሙንም ለሁሉም አካፍሉ፤ ትንሹም ልጅ የሚይዘው አይጣ።