«ዛሬ አንበርም» ማለትም ልምምድ ይፈልጋል

በዋሽንግተን ዙሪያ የግል አብራሪነት ፈቃድ ለያዛችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ደስ አላችሁ! ቅዳሜና እሁድ ሴስና 172 ተከራይቶ ከሸናንዶዋ ተራሮች በላይ መብረር ምን ያህል ልብ እንደሚሞላ አውቃለሁ። ደስታው እንዲዘልቅ ስለምፈልግ የማምንበትን ልጻፍላችሁ።

በአሜሪካ በተለመደው መንገድ ፈቃዱን ለማግኘት ቢያንስ 40 ሰዓት መብረር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ግን ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። ከዚያ በኋላ ሕጉ የሚጠይቀን ጥቂት ነው፦ ተሳፋሪ ለመያዝ ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ 3 ጊዜ ተነስቶ ማረፍ፣ በየ24 ወሩ ደግሞ ከአስተማሪ ጋር መፈተሽ። ይህን ያሟላ ሰው ሕጋዊ ነው፤ ብቁ ነው ማለት ግን አይደለም። ሦስቱንም ጊዜ ያረፈው ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ በለመደው ማኮብኮቢያ ላይ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በወጣችሁ ቁጥር አንድ ነገር ለማሻሻል አስባችሁ ውጡ። አንድ ቀን የጎን ነፋስ ይሁን፦ ክንፉን ወደ ነፋሱ ዘንበል አድርጎ፣ በተቃራኒው ፔዳል አፍንጫውን ከማኮብኮቢያው መስመር ጋር ማስተካከል። ሌላ ቀን በቂ ከፍታ ይዛችሁ፣ ከአስተማሪ ጋር ስቶልን (ክንፍ አውሮፕላኑን መሸከም የሚያቅተውን ሁኔታ) ተለማመዱ። ክንፍ አውሮፕላኑን መሸከም የሚያቅተው ፍጥነት ስለቀነሰ ብቻ አይደለም፤ አየሩን የሚገጥምበት ማዕዘን ከልክ ሲያልፍ ነው። ከፍታ ሳንለቅ በ60 ዲግሪ ተጋድመን ስንዞር ክንፉ የሚሸከመው እጥፍ ይሆናል፤ ስቶል የሚመጣበትም ፍጥነት በ41 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ለማረፍ የመጨረሻውን መታጠፊያ ስንዞር መስመሩን ካለፍነው በኋላ ጠምዝዞ ለመመለስ መሞከር ሕይወት የሚያስከፍለው ለዚህ ነው። እዚያ ዝቅታ ላይ ለማገገም ጊዜ የለም።

በዚያች ቅጽበት ትክክለኛው እርምጃ ማረፉን ትቶ፣ ለሞተሩ ሙሉ ኃይል ሰጥቶ እንደገና መውጣት ነው። ይህንንም ሆን ብላችሁ ተለማመዱት፤ አቀራረባችሁ ባማረበት ቀን ጭምር። መተውን ያልለመደ እጅ በጭንቅ ሰዓት አይታዘዝም።

ከሁሉ የሚከብደው አየሩ ሲበላሽ የታሰበውን ጉዞ መተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጥናት፣ በመሣሪያ ብቻ የመብረር ልምድ የሌላቸው 20 ሰዎች የውጭ እይታ ተከልክለው እንዲያበርሩ ተደረገ። ሁሉም ቁጥጥር አጡ፤ በአማካይ በ178 ሴኮንድ ውስጥ። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። እኔን ይበልጥ የሚያጽናናኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው፤ መሣሪያ እያዩ 180 ዲግሪ ዞሮ የመመለሻ ዘዴ ከተማሩ በኋላ በአብዛኛው ተሳካላቸው። መመለስ የሚሰለጠንበት ችሎታ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ልጅ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ጁኒየር ከባለቤቱና ከእህቷ ጋር ሕይወቱ ያለፈው በጭጋጋማ ሌሊት፣ አድማስ በማይታይበት ባሕር ላይ ሲበር ነው። መርማሪዎቹ አደጋውን ያያያዙት በጨለማ ውስጥ ላይና ታችን መለየት ከማቃት ጋር ነው።

እኛ ሐበሾች ደግሞ ይሉኝታ የሚባል ተጨማሪ ፈተና አለብን። እናት ከአዲስ አበባ መጥታለች፣ አክስቶች ተሰብስበዋል፣ ልጆቹ ካሜራ ይዘው ቆመዋል፤ ደመናው ግን ዝቅ ብሏል። በዚያች ሰዓት «ዛሬ አንበርም» ማለት ከጎን ነፋስ ይከብዳል። ስለዚህ ውሳኔውን ለዚያች ሰዓት አታቆዩት። ደመናው ከስንት ጫማ ካነሰ፣ የጎን ነፋሱ ከስንት ኖት ከበለጠ፣ ስንት ሰዓት ካልተኛችሁ እንደማትበርሩ ቤታችሁ ተረጋግታችሁ ጻፉ። ስትጋብዙም «አየሩ ከፈቀደ» ብላችሁ ጋብዙ። ገደባችሁን ማስፋት ስትፈልጉ ከአስተማሪ ጋር አስፉት እንጂ በእንግዳ ፊት አይሁን።

አብራሪ ልጅ፣ ወንድም ወይም ጓደኛ ያላችሁም አደራ! ከአየር ማረፊያው በር ሲመልሳችሁ አታኩርፉበት። አመስግኑት፣ ምሳ ጋብዙት፣ ሌላ ቀን ቅጠሩት። ቤተሰቡ እንዲህ የተቀበለው ሰው በሚቀጥለውም ጊዜ እውነቱን ለመናገር አያፍርም።