ቆጥ ያለበት ግቢ

ከቤት እንስሳት መካከል የዶሮን ያህል ጠላት የሚበዛበት ማግኘት ያስቸግራል። ቀን ጭልፊት ከሰማይ ይወርድባታል፤ ሌሊት ሸለምጥማጥ አጥር ጥሶ ይመጣባታል፤ እባብና አይጥ ደግሞ እንቁላሏንና ጫጩቷን ይሻሉ። እርሷ ግን ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ዓይኗ እምብዛም ስለማያይ መሸሽ አይሆንላትም። ቆጧ ላይ እንደ ወጣች የሚመጣውን ትጠብቃለች። ስለዚህ የዶሮ ደኅንነት ከራሷ ይልቅ በባለቤቷ እጅ ያለ ጉዳይ ነው።

ይህ ነገር በጁባ ለየት ያለ ትርጉም አለው። በነጭ ዓባይ ዳር ያለችው ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት ወዲህ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሆቴል እየከፈቱ፣ ሸቀጥ እየነገዱ፣ በሙያቸው እየተቀጠሩ የኖሩባት ናት። በ2011 ደቡብ ሱዳን ነፃ ስትወጣ የተደሰቱ፣ በታኅሣሥ 2013 እና በሐምሌ 2016 ተኩስ ሲከፈት ደግሞ ሻንጣቸውን ይዘው የወጡ፣ ከዚያም የተመለሱ ጥቂት አይደሉም። በዚህ ምክንያት ከዓመታት በኋላም ጓዙን ሙሉ በሙሉ ያልፈታ ሰው ይገኛል። ዶሮ ለማርባት የተነሣ ሰው ግን ጓዙን መፍታት ግድ ይሆንበታል፤ ዶሮ በየቀኑ የሚዘጋላት ሰው ትፈልጋለችና።

በጁባ ገበያ የሚሸጠው እንቁላል ብዙውን ጊዜ ከዑጋንዳ በኒሙሌ በኩል በሙቀት ተጉዞ የሚመጣ ነው። መቼ እንደ ተጣለ ገዢው አያውቅም። የግቢ ዶሮ እንቁላል ግን ቀኑ ይታወቃል። ለፋሲካ የዶሮ ወጥ ለሚሠራ ቤት ደግሞ ብልቱም እንቁላሉም ከራስ ግቢ መውጣቱ ከዋጋው በላይ የሆነ ደስታ አለው።

ደስታው እንዲሰነብት ቤቷ በደንብ መሠራት አለበት። በተለምዶ የዶሮ ሽቦ የሚባለው ስስ ወንፊት ዶሮን ከመውጣት ያግዳል እንጂ ጠላቷን ከመግባት አያግድም። ጣት የማያስገባ፣ ጠንከር ያለ ሽቦ ያስፈልጋል። ሽቦው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል መሬት ውስጥ ቢቀበር ቆፋሪውን ያስቆማል፤ ከላይ መሸፈኑም ጭልፊትን ይከላከላል። በዝናብ ወራት ጭቃና እባብ ስለሚበዛ ወለሉን ከመሬት ከፍ ማድረግ ይበጃል። መኖው ክዳን ባለው በርሜል ከተቀመጠና እንቁላሉ በየዕለቱ ከተሰበሰበ፣ አይጡም እርሱን ተከትሎ የሚመጣው እባብም ምክንያት ያጣሉ። የሽቦ ዋጋ ለመቆጠብ ያለ ሰው «ከቆጡ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ይደርስበታል።

ሙቀትም ከሸለምጥማጥ የማይተናነስ ጠላት ነው። በመጋቢት 2024 ደቡብ ሱዳን ከሙቀቱ ብዛት የተነሣ ትምህርት ቤቶቿን እስከ መዝጋት ደርሳለች። ዶሮ ላብ ስለሌላት የምትቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ስታለከልክ ከደሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ቅርፊቱ የሚሠራበት ካልሲየም ካርቦኔትም ያንሳል። በዚህ የተነሣ እንቁላሉ ቅርፊቱ ስስ ሆኖ በእጅ ይሰበራል። መፍትሔው የማንጎ ወይም የኒም ዛፍ ጥላ፣ ቶሎ ቶሎ የሚለወጥ ቀዝቃዛ ውኃ፣ በንጋትና በምሽት የሚሰጥ መኖ፣ እንዲሁም ደርቆና ተፈጭቶ የሚቀርብ የእንቁላል ቅርፊት ነው።

ከሁሉ የከፋው ፈንግል ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግቢውን ባዶ ያደርጋል። ከኮኞ ኮኞ ገበያ የተገዛች አዲስ ዶሮ ሁለት ሳምንት ያህል ለብቻዋ ብትቆይ፣ ሌሎቹም በወቅቱ ቢከተቡ አደጋው ይቀንሳል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ሙቀትን የሚቋቋመው የክትባት ዓይነት ተመራጭ ነው፤ በቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ተቋም ይህን መሰሉን ያመርታል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሌላ ነገር ይከተላል። ባለቤቶቹ 55 ቀን እንቁላል አይቀምሱም፤ ዶሮዎቹ ግን ጾም አያውቁምና መጣላቸውን ይቀጥላሉ። ጥቂቱ ለምታቅፈው ይሰጣል፤ በ21 ቀን ይፈለፈላል። የቀረው በሳህን ተደርጎ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። ሳህኑም ባዶውን አይመለስም፤ አንድ ቀን ማንጎ፣ ሌላ ቀን ለውዝ ይዞ ይመጣል። በጁባ ዐረብኛ ዶሮ «ጂዳዳ» መባሏን ብዙ ኢትዮጵያዊት የተማረችው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚህ የሳህን ምልልስ ነው።

ጁባ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ዓመቱን ሙሉ ጀምበር የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት የዶሮዎቹ መዝጊያ መቀርቀር አለበት። ሥራ ያመሸው፣ መንገድ የተዘጋበት፣ የታመመ ወይም ለጥቂት ቀን ወደ አዲስ አበባ የሄደ ሰው «ዛሬ አንቺ ዝጊልኝ» የሚላት ጎረቤት ያስፈልገዋል። ሽቦውና መቀርቀሪያው በገንዘብ ይገዛሉ። ይህን አደራ የሚቀበል ሰው ግን በየጊዜው በተሻገረ ሳህን የሚገኝ ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ በር የሚያንኳኳው እርሱ ነው።