የአያቴ ድምፅና አራቱ ጊጋባይት

አንባቢ ሆይ! ኮምፒዩተር ያለህ እንደ ሆነ፤ በውስጡ ያለውንም ሁሉ በሌላ ሃርድ ዲስክ ገልብጠህ በሣጥን ካስቀመጥህ፤ ሌሊት ተረጋግተህ እንደምትተኛ አልጠራጠርም። እኔም እንዲሁ እተኛ ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። የተማሪዎቼ ማርክ፤ የፈተና ጥያቄዎቼና የቤተ ዘመድ ፎቶግራፎች ያሉት ያገለገለ ሆኖ በገዛሁት ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አንድ ቪዲዮ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፤ በገና ሰሞን፤ አያቴ እሳት ዳር ተቀምጠው በልጅነታቸው ከመንዝ ወደ ደብረ ብርሃን በእግራቸው የመጡበትን መንገድ ሲያጫውቱኝ በስልኬ ቀረጽኋቸው። 47 ደቂቃ ይሆናል። ስልኩ ስለ ሞላ ወደ ላፕቶፑ ገልብጬ ከስልኩ አጠፋሁት። አያቴ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ዐረፉ።

አንድ ማክሰኞ ማታ ፈተና ሳርም ላፕቶፑ «ቀጭ፤ ቀጭ» ይል ጀመር። ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል እንዲህ እንደሚጮኽ ሰምቼ ስለ ነበር ደነገጥሁ፤ ዳሩ ግን ወዲያው ተጽናናሁ። ዓርብ ዓርብ ማታ ኤክስተርናሉን ስሰካ አንድ ፕሮግራም ሁሉን ነገር ራሱ ይገለብጥልኛልና። ሲጨርስ የሚያወጣትን ትንሽ ጽሑፍ ግን አንድም ቀን አንብቤአት አላውቅም፤ ገና ብቅ ስትል እዘጋታለሁ። ጥያቄውን ሳያነቡ መልስ የሚጽፉትን ተማሪዎች ስቈጣ የምውለው ሰው እኔ ነኝ!

ኤክስተርናሉን ከፍቼ ብመለከት ማርኩም አለ፤ ፎቶግራፉም አለ። የአያቴ ቪዲዮ የለም።

በእጄ ልገለብጠው ሞከርሁ፤ እምቢ አለኝ። ገመዱ ይሆናል ብዬ ገመድ ለወጥሁ። መሰኪያው ይሆናል ብዬ በሌላኛው ሰካሁት። ሞልቶ ይሆናል ብዬ ባይ ከ1 ቴራባይቱ 700 ጊጋባይት ያህል ባዶ ነው፤ ቪዲዮው ደግሞ 6 ጊጋባይት ብቻ። ኮምፒዩተሩ ግን ፋይሉ ለመድረሻው የፋይል ሥርዐት እጅግ ትልቅ ነው ይለኛል። አዳራሹ ባዶውን ቆሞ ሳለ አንዱን እንግዳ ቦታ የለም ብሎ እንደ መመለስ መሰለኝ። ላፕቶፑን አጥፍቼ ስገላበጥ አደርሁ።

በማግሥቱ በመምህራን ክፍል አንዱ ቫይረስ ነው አለ፤ ሌላው ዲስኩ ቻይና ነው አለ። የኮምፒዩተር አስተማሪው ግን ኤክስተርናሉን በራሱ ላፕቶፕ ሰክቶ፤ በቀኝ ተጭኖ፤ ፕሮፐርቲስ የሚለውን ከፈተና «እነሆ! ፋት 32» አለኝ። (አንተም አንባቢዬ፤ ዛሬ ማታ ይህን ብታይ አይጐዳህም።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋት 32 ፋይሎች በዲስክ ላይ የሚመዘገቡበት ሥርዐት ሲሆን፤ በ1996 እ.ኤ.አ. በዊንዶውስ 95 ማሻሻያ የወጣ ነው። በመዝገቡ ውስጥ የእያንዳንዱ ፋይል መጠን የሚጻፍበት ቦታ 32 ቢት ብቻ ነው። ሁለትን 32 ጊዜ ጽፈህ እርስ በርሱ ብታባዛው 4,294,967,296 ይመጣል፤ እንግዲህ ይህን ያህል ባይት ወይም ከዚያ የበለጠ ፋይል፤ ዲስኩ ፍጹም ባዶ ቢሆን እንኳ፤ አይገባም። ይህንኑ ስሌት በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፍ ሰው በዚያው ስሌት ተያዝሁ! ዲስኩን የሸጠልኝ ሰው ቴሌቪዥን ላይ እየሰካ ፊልም ያይበት ነበርና፤ ቴሌቪዥኑ እንዲያነብለት እንዲያ አድርጎት ኖሯል።

«እንግዲያው ፎርማት እናድርገው» አልሁ።

«ተው እንጂ፤ ወንድሜ! ፎርማት ስታደርገው በላዩ ያለውን ሁሉ ታጠፋለህ፤ ላፕቶፕህ ደግሞ በሞት አፋፍ ላይ ነው። መጀመሪያ ቪዲዮውን እናውጣ።»

የእሱ ፍላሽ ኤክስፋት በሚባለው ሥርዐት የተሠራ ስለ ነበረ ትልቅ ፋይል ይቀበላል። ላፕቶፔን አስነሥተን መገልበጥ ጀመርን። በደኅና ቀን ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደ። 61 በመቶ ላይ ቀጥ አለ፤ ዲስኩ «ቀጭ» ይላል፤ ዝም ይላል፤ እንደ ገና «ቀጭ» ይላል። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ስለ ቈየ መብራት ቢጠፋ ነገሩ ሁሉ እዚያው ያበቃል። እጄን ወደ መጫኛው ስሰድ ጓደኛዬ ያዘኝ። 62 አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር። በኤክስተርናሉ ላይ የነበረውን በእሱ ላፕቶፕ ካስቀመጥን በኋላ፤ ኮንቨርት በሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ ዲስኩን ፋይሉ ሳይጠፋ ወደ ኤንቲኤፍኤስ ለወጥነው። ቪዲዮውንም ስንገለብጥበት 4 ጊጋባይትን እንደ ዋዛ አልፎ ሄደ።

«ገባ» አልሁ።

«መግባቱን አትመን፤ ክፈተው» አለኝ።

ከኤክስተርናሉ ላይ ከፍቼ ወደ መካከሉ ወሰድሁት። አያቴ ስልኩን በጐን እያዩ «ይህን ነገር ከፊቴ አንሣልኝና እሳቱን ቆስቁስ፤ ሊጠፋ ነው» ይሉኛል። እኔም ስልኩን ሳላስቀምጥ በአንድ እጄ እቈሰቍሳለሁ።

አያቴን በዓይኑ አይቶ የማያውቀው ጓደኛዬ ወንበሩን ሳበና «ከመጀመሪያው አድርገው» አለኝ።