«አጥንት የላትም» የተባልን እናትና ልጅ

በእኛ ቤት «አጥንት የላትም» መባል ሙገሳ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር አክስቴ ትጠራኝና አውራ ጣቴን ወደ ታች አጥፌ ክንዴ ላይ እንዳስተኛው ታዘኛለች። እንግዶቹ «ወይ ጉድ!» ይላሉ፤ ቀን ከቀናኝ የከረሜላ መግዣ ሳንቲም ይሰጠኛል። ጉልበቴን ሳላጥፍ መዳፌን መሬት ላይ መለጠፍ ለእኔ ቁም ነገር አልነበረም።

ትከሻዬ መውለቅ የጀመረው በ19 ዓመቴ ነው። ልብስ ሳሰጣ ወደ ገመዱ ስንጠራራ ወለቀ። ወጌሻ አሽቶ መለሰው። ከዚያ ወዲህ እየወለቀ ይመለሳል፤ ቁርጭምጭሚቴም ደልዳላ መንገድ ላይ ሳይቀር ወለም ይለኛል። «ዐይን ነው» ያሉኝም ነበሩ። (ወጌሻን ለማጣጣል አይደለም፤ የወለቀ ትከሻ ግን ውስጡ ስብራት ወይም የተጎዳ ነርቭ ሊኖረው ስለሚችል መጀመሪያ ራጅ ቢታይ ይሻላል።)

ስሙን የነገረችኝ ከሦስት ዓመት በፊት ያገኘኋት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። በቀላል ፈተና ጀመረች። ትንሿ ጣት ወደ ኋላ ከ90 ዲግሪ በላይ ትሄዳለች ወይ? አውራ ጣት ክንድን ይነካል? ክርንና ጉልበት ቀጥ ካሉ በኋላ ወደ ኋላ ያልፋሉ? እነዚህ በግራም በቀኝም ሲቆጠሩ 8 ነጥብ ይሆናሉ፤ ጉልበት ሳይታጠፍ መዳፍን መሬት ማስነካት ሲጨመር 9። ቤይተን የሚባል ሐኪም ስም የተሰጠው መለኪያ ነው። እስከ 50 ዓመት ላለ አዋቂ 5 እና ከዚያ በላይ ካገኘ መገጣጠሚያው ከልክ በላይ ልል ነው ይባላል። እኔ 7 አገኘሁ። የአክስቴ ትርኢት ለካ የሕክምና ምርመራ ኖሯል።

ልል መሆን በራሱ በሽታ አይደለም፤ ዕድሜ ልኩን አንድ ቀን ሳያመው የሚኖር ብዙ ሰው አለ። ችግሩ እንደ እኔ ውልቃት፣ ወለምታና የማይለቅ ሕመም ሲከተለው ነው። አንድ ጥያቄ ግን ሁልጊዜ ይከነክነኝ ነበር፤ ይህን ያህል ከተለመጥኩ አንገቴና ጭኔ ለምን እንደ ድንጋይ ይጠጥራሉ? መልሷ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። አጥንትን ከአጥንት የሚያስረው ጅማት ሲላላ፣ መገጣጠሚያውን የመያዙ ሥራ ጡንቻው ላይ ይወድቃል። ጡንቻው ሌት ተቀን ዘብ ስለሚቆም ይደክማል፣ ይጠጥራል። እኛ ደግሞ «ተሳስሬያለሁ» ብለን ዘቡን እንለጥጠዋለን። ለአንድ ሰዓት ደስ ይላል፤ በማግስቱ ሕመሙ ብሶ ይመጣል።

ዮጋ ላይ የደረሰብኝም ይኸው ነው። የሥራ ባልደረባዬ «ለጭንቀት ፍቱን ነው» ብላ ወስዳኝ፣ አሠልጣኙ ገና በመጀመሪያው ቀን ፊት ለፊት አውጥቶ ለክፍሉ አሳየኝ። ወደ ፊት ጎንበስ ስል ጀርባዬን በሁለት እጁ ተጫነኝ። ሌላው ሰው ጡንቻው «በቃ» ብሎ በሚያስቆመው ቦታ እኔን የሚያስቆመኝ የለም፤ የምቆመው መገጣጠሚያው ጫፍ ላይ ተንጠልጥዬ ነው። ከውጭ ሲታይ ያምራል። ለሁለት ሳምንት ዳሌዬን አመመኝ።

ባለሙያዋ ግን ተዪው አላለችኝም፤ አሠራሩን ቀየረችው። አሁን የትም አቋም ላይ ጫፍ አልደርስም። መድረስ ከምችልበት ቀደም ብዬ አቆምና ጡንቻዬን አጠብቃለሁ። እግር ተራርቆ ወደ ጎን በሚታጠፍበት በሦስት ማዕዘኑ አቋም የፊተኛው ጉልበቴ እንደ ቀስት ወደ ኋላ ይለመጥ ነበር፤ አሁን ጥቂት አጠፍ አድርጌ ጭኔን አጠነክራለሁ፣ እጄንም መሬት ሳይሆን የተደራረቡ ወፍራም መጻሕፍት ላይ አሳርፋለሁ። ሰውነት በእጅና በእግር ቆሞ መቀመጫ ወደ ላይ በሚወጣበት አቋም ክርኔን አልቆልፍም፣ ደረቴንም ወደ መሬት አላሰምጥም። እግር አጥፎ ደቂቃዎች መተኛት የሚባለውን እርግፍ አድርጌ ትቻለሁ። በምትኩ ድልድይ፣ ፕላንክና በአንድ እግር መቆም ይበዛል። አሠልጣኝ በእጁ እንዳይገፋኝ አስቀድሜ እናገራለሁ፤ ይሉኝታ እዚህ ላይ አይሠራም። ሙቀት የተለቀቀበት ክፍል ውስጥም አልገባም፤ ሰውነት ሲሞቅ ወሰኑን ማወቅ ይከብዳል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ልል ሰው ብዙ ጊዜ እጅና እግሩ የት እንዳለ ሳያይ የማወቅ ስሜቱ ደካማ ነው። ክርኔ ቀጥ ያለ ሲመስለኝ አልፎ ሄዷል። መስታወትና ግድግዳ የሚጠቅሙኝ ለዚህ ነው። ከጎንበስታ ስነሣም ቀስ ብዬ ነው፤ አንዳንዶቻችንን ስንነሣ ያዞረናል። የጡንቻ ድካም ሲሰማኝ እቀጥላለሁ፤ መገጣጠሚያው ውስጥ ሲወጋኝ ወይም ሲደነዝዘኝ አቆማለሁ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ግን ስለ ራሴ ስል ብቻ አይደለም። ልልነት በዘር ይተላለፋል። የ13 ዓመት ልጄ ከትምህርት በኋላ ጂምናስቲክ ትሠራለች፤ አሠልጣኟ «ተፈጥሮ የሰጣት ናት» ትለኛለች። እግሯን ከፍታ መሬት ላይ ስትቀመጥ የሁሉም ሰው ስልክ ይወጣል። እኔ የሚታየኝ የልብስ ገመዱ ነው።

ላስተዋት ፈልጌ ነበር። ባለሙያዋ ተቃወመች፤ መንቀሳቀስ ያቆመ ልል መገጣጠሚያ ጠባቂ ጡንቻውንም ያጣል አለችኝ። ስለዚህ ከልጄ ጋር ድርድር ገባን።

«እማዬ፣ ጓደኞቼ ይህን ለማግኘት ስድስት ወር ይለፋሉ። እኔ በነፃ ያገኘሁትን ለምን እተዋለሁ?» አለችኝ።

ምን ይመለሳል? እንድትተወው ሳይሆን እንድትይዘው ነው የምፈልገው አልኳት። አሠልጣኟን አነጋገርኩ፤ ማንም እንዳይጫናት፣ ከመለጠጡ በፊትም የማጠንከሪያ ሥራ እንዲቀድም ተስማማን። ቅዳሜ ማታ ሳሎን ውስጥ ምንጣፍ ዘርግተን አብረን እንሠራለን። ዐይናችንን ጨፍነን በአንድ እግር መቆም ውድድራችን ነው፤ ባለፈው ሳምንት እኔ 11 ድረስ ቆጠርኩ፣ እሷ 9 ላይ ሶፋው ላይ ወደቀች። እኔ ወጥ ቤት ስገባ ግን እግሯን ከፍታ መቀመጧን ከኮቴዋ ዝምታ አውቃለሁ።